ጭብጡን ሳንለይ የገባንበት ሙግት

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ለተሰበሰቡ የወፍ ተመልካች ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ከዋርካው ጥላ ውጭ የቆማችሁ እባካችሁ ቀረብ በሉ፤ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ስለሚነፍስ ድምፄ ከኋላ አይሰማም።

ዛሬ ስለ ወፍ አልናገርም። ስለ ጠባችን ነው የምናገረው። ባለፈው ወር እሑድ ንጋት ላይ ወፍ ልንቆጥር ወጥተን፣ አንድም ሳንቆጥር ተኳርፈን መግባታችንን አብራችሁን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ላልነበራችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዘወትር የምንቆምበት ቦታ ስንደርስ ደንገሉ ካለፈው ዓመት ሳስቶ አገኘነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ልጃችን "ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ" አለች። ዕድሜያቸውን በጀልባ ላይ ያሳለፉት ጋሼ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል፣ "ልጄ፣ ሰማዩን አትውቀሺ፤ ውኃውን የሚወስደው አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ ያለው በር ነው" አሏት። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ወንድማችን ተቀበለና "የአየር ንብረት ለውጥ የምትሉት የፈረንጅ ፖለቲካ ነው። እነሱ ከመቶ ዓመት በላይ አቃጠሉ፤ ዛሬ እኛን አታቃጥሉ ይሉናል" አለ። ሌላው ደግሞ "ሩቅ ምን አስኬዳችሁ? ቦታችንን የሚያሳጣን የዳርቻው አዲስ ሥራ ነው" አለ። ይሄኔ አንዱ "እዚህ ፖለቲካ አይወራም!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አልደግመውም። እኔም ክፉ ቃል ከተናገሩት አንዱ ነበርኩ፤ የተናገርኩትንም ሰው በማግሥቱ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ወሩን ሙሉ ሳስብ የከረምኩት ግን ስለ ቃሉ ክፋት አይደለም። አያቴ በአካባቢያቸው ሙግት አዋቂ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ የበላ ልበልሃ ዘመን ሰው። ሁለት ባላጋራዎች ፊታቸው ቆመው መጯጯህ ሲጀምሩ፣ ሰውየው ዝም ብለው ያዳምጡና "ለመሆኑ የምትሟገቱት በምንድን ነው?" ይላሉ። አንዱ ስለ ወሰን ነው ይላል፣ ሌላው ስለ ስድብ። አያቴም "እንግዲያስ ገና ሙግት አልገባችሁም፤ መጀመሪያ እሱን ለዩ" ይሏቸዋል። ዛሬ ፍርድ ቤት ይህንኑ ጭብጥ መያዝ ይለዋል። ቃሉን እወደዋለሁ፤ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነውና።

እኛ ያን ዕለት አራት ጭብጥ አንድ ላይ አፍሰን ነው የተሟገትነው። ዓለም እየሞቀች ነው ወይ፣ ያሞቃትስ ማነው? የጣና ውኃ የት ይሄዳል? የዚህ ሁሉ ዕዳ የማን ነው? የሐይቁ ዳር ምን መልክ ይያዝ? እያንዳንዱ የየራሱ ምስክር አለው። እኛ ግን የአንዱን ምስክር ለሌላው ስንጠራ ዋልን።

በመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን ሳልነካው አላልፍም።

ጋቢ ሙቀት አያመርትም፤ የገዛ ገላችንን ሙቀት ነው ይዞ የሚያቆይልን። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚያው ነው። መሬት ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ ወደ ሰማይ ስትለቅ፣ ይሄ ጋዝ መንገድ ላይ ይዞ ያዘገየዋል። ይህ ትናንት የተወራ ወሬ አይደለም። በፈረንጆቹ 1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበትን የመስታወት ሲሊንደር ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ተራ አየር ካለበት ይልቅ አብልጦ እንደሚሞቅ ለክታለች። በ1896 ደግሞ ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ የዚህ ጋዝ መጠን እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ወረቀትና እርሳስ ይዞ አሰላ። በዚያው ዓመት እኛ አድዋ ላይ ነበርን። ሱቅ ያለው ወንድሜ ይህን እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ፤ ስለ ዕርዳታም ስለ ብድርም ማንም ገና ሳያወራ ስሌቱ ተሠርቶ ነበር።

ቻርልስ ኪሊንግ የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ በሚባል ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት 280 ገደማ ነበር። "ጭማሪው ከሰው እሳት መምጣቱ በምን ይታወቃል?" ብሎ ይኸው ወንድማችን ጠይቆኛል፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረ የሕያዋን ቅሪት ስለሆነ፣ ካርቦን 14 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ከውስጡ ተሟጦ አልቋል። ወደ አየሩ የሚገባው ተጨማሪ ካርቦንም እንዲሁ ካርቦን 14 የሌለው ሆኖ ነው የተገኘው። ከየት እንደመጣ ምልክቱን ይዞ ነው የሚመጣው። "ፀሐይዋ ራሷ በርትታ ይሆናል" ለሚለኝም መልስ አለኝ፤ ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ላይኛው የአየር ንብርብርም አብሮ በሞቀ ነበር። የተለካው ግን ታችኛው እየሞቀ ላይኛው እየቀዘቀዘ መሄዱ ነው። በፈረንጆቹ 2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በልጦ የተመዘገበበት የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። ይህ ጭብጥ ማስረጃው ተሰምቶ አልቋል። ለይሉኝታ ብዬ ያላለቀ አላስመስለውም።

ልጄ ሆይ፣ ፈገግ ስትዪ አየሁሽ። ነገር ግን ዓለም መሞቋ ስለተረጋገጠ ደንገሉን ያሳሳው ሙቀቱ ነው ተብሎ አልተፈረደም። ለአባይ ተፋሰስ የክረምቱ ዝናብ ወደፊት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ላይ የአየር ንብረት ሞዴሎቹ ራሳቸው እርስ በርስ አይስማሙም። ስለዚህ ደንገሉን ይዘን ወደ ሁለተኛው ጭብጥ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ አስቡት። አንዲት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ሄዷል ማለት ነው። ትሪው ለጥ ያለ ስለሆነ ከፍታው ትንሽ ሲቀንስ ዳሩ ብዙ ይሸሻል፤ ደንገል ደግሞ የሚበቅለው ዳር ላይ ነው። ከወንዝ ከሚገባው ውኃ ከአሥር እጅ ዘጠኙን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። በተፈጥሮው ያለው የወንዝ መውጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አባይ። ሌላው መውጫ ግን ለዓይን አይታይም። ፀሐይና ነፋስ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ ውኃ ከሐይቁ ላይ ያተናሉ። በሐይቁ ስፋት ብታባዙት ከአራት ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። አየሩ ሲሞቅ ይኸኛው መውጫ ነው የሚሰፋው። ልጃችን የሙቀቱን ነገር ይዛ መሟገት ከፈለገች በዚህ በኩል ትግባ፤ ጥሩ በር ነው።

አሁን 1995 ዓ.ም.ን ላንሳ። ጋሼ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ሰኔ ላይ ሐይቁ እጅግ ወርዶ የትራንስፖርት ጀልባዎቹ ሥራ አቁመው ነበር። ወደብ ላይ ውኃ ፍለጋ ቆመው የዋሉበትን ቀን ሲያወሩ እንባ ይቀድማቸዋል። ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ገበሬ በሬ ጠምዶ አርሷል። ምን ነበር የሆነው? በ1994 ክረምት፣ በፈረንጆቹ 2002 ማለት ነው፣ ኤል ኒኞ ነበር። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ የእኛ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል፤ ያን ዓመትም ደከመ። በሌላ በኩል ጨረጨራ ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራው በር የሐይቁን መውጫ በሰው እጅ አድርጎታል። በ1993 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ለእሱ ሲባል በበሩ የተለቀቀው ውኃ በዛ። ዝናቡ ባነሰበት ዓመት በሩ ሰፍቶ ተከፈተ። ታዲያ ጋሼ ተሳሳቱ? አልተሳሳቱም። ልጃችን ወደ ሰማይ በመመልከቷ ተሳሳተች? እሷም አልተሳሳተችም። ሁለቱም የአንድ ነገር ግማሽ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ ውሸት ነው እያለ ነበር የተቆጣው።

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት። ውኃው ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ተነሥቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። በዕቅዱ መሠረት አማካዩ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ነው፤ በዓመት 2.4 ቢሊዮን መሆኑ ነው። ውኃው አገር ጥሎ አልጠፋም፤ በለስ ታች ሄዶ ከአባይ ይቀላቀላል። ነገር ግን ጣና እና ሕዳሴ ግድብ መካከል ያለው የአባይ አካል፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ጨምሮ፣ ያን ያህል ቀርቶበታል። እዚያ ያሉ ዘመዶቼ በበጋ እንግዳ ይዘው ወርደው ቀጭኗን ውኃ ሲያዩ "የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው" የሚሉት ሌላ ቃል አጥተው ነው። ይህን የምለው መብራት ጠልቼ አይደለም። የተማሪዎቼን ፈተና ማታ ማታ ያረምኩት በዚያው መብራት ነው። በሩ መቼ፣ ስንት እንደሚከፈት የሚወስነው ሰው ወፎቹንና ደንገሉንም ከተጠቃሚ ቆጥሮ እንዲያሰላ ነው የምፈልገው። ይህ ደግሞ ስለ ሰማይ ሳይሆን ስለ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ሊጠየቅ ይችላል።

እምቦጭን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። መሠረቱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው። በተመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል። ሙቀት ይወዳል፤ ከሙቀቱ የበለጠ ግን የሚያደልበው ምግቡ ነው፣ ይህም ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ። "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን፤ ጣና ግን ማደሪያ ነው፣ የሚመጣለትን ሁሉ ያሳድራል። ከፎገራና ከደምቢያ በኩል ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው የነቀሉትን ገበሬዎች አይቻለሁ። ጀርባቸው በፀሐይ ተልጦ ነበር። ከእነሱ መካከል ማንም ስለ ምክንያቱ ሲከራከር አልሰማሁም፤ ለመከራከር ፋታ አልነበራቸውም። እኛ ፋታ ያለን ሰዎች ነን፤ ለዚህም ነው በትክክል መከራከር ያለብን።

ሦስተኛው ጭብጥ የዕዳው ነው። "እዚህ ፖለቲካ አይወራም" ያልከው ወንድሜ፣ የፈራኸው ይገባኛል። በዚህ ዘመን አንድ ቃል ስንት ወዳጅነት እንዳፈረሰ ሁላችንም ቤት ይታወቃል። ይሁንና ማን አቃጠለ፣ ማን ይካስ የሚለው ፖለቲካ ካልሆነ ሌላ ስም የለውም፤ ከልክለነውም አይጠፋም። ሱቅ ያለው ወንድማችን እዚህ ላይ እውነት ይዟል። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ከነዳጅና ከመሳሰለው በዓመት ከ0.2 ቶን ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚለቀው፤ አንድ አሜሪካዊ ከ13 ቶን በላይ ይለቃል። በፈረንጆቹ 2009 ኮፐንሃገን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው ሲደራደሩ፣ ሀብታሞቹ አገሮች እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን ብለው ቃል ገቡ። ቀኑ ደርሶ ቃሉ አልሞላም። ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚሆን ፈንድ ይቋቋም ተብሎ የተወሰነው በ2022 ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ነው። በ2027 ይኸው ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። እዚያ ስለ ጣና የሚናገር ሰው ምን ይዞ ይገባ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ ጎረቤቴ ጎጆዬን አቃጥሎ ካሣ ቢከለክለኝ "እሳት አልነበረም" ብዬ አልከራከርለትም። እሳት አልነበረም ካልኩ ካሣ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ። ሙቀቱ ውሸት ነው የሚለው ክርክር የሚጠቅመው ባለዕዳውን ነው፤ አንተን አይደለም። ይህን ያን እሑድ በረጋ አንደበት ብነግርህ ኖሮ መልካም ነበር።

ወደ ዳርቻው ልምጣ። በከተማችን የሐይቁ ዳር በኮሪደር ልማቱ አዲስ መልክ እየያዘ ነው፤ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መንገድ፣ መቀመጫ፣ መብራት። እኔ ደስ ብሎኛል፤ እውነቱን ነው የምናገረው። ባለቤቴ ጉልበቷን ትታመማለች፤ ዛሬ ማታ ማታ ሳትሰጋ ሐይቁን እያየች ትራመዳለች። አጥር ለአጥር ስንሄድ ውኃውን በጠረኑ ብቻ የምናውቅበት ጊዜ ነበርና፣ ሐይቁ ለሁሉ ሰው መከፈቱን የሚቃወም ልብ የለኝም።

ቅር የሚለኝ ውኃና መሬት የሚገናኙበት መስመር ነው። በሥዕል ላይ ይህ መስመር ቀጭን ሆኖ ነው የሚሳለው። ሐይቁ ላይ ግን መስመር ሳይሆን ሰፊ ስፍራ ነው፤ ክረምት ይሸፈናል፣ በጋ ይገለጣል። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ የሚራባውና ጫጩቱን የሚያሳድገው በዚህ ጥልቀት በሌለው ሣር ውስጥ ነው። ከላይ የታጠበው አፈር ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚያርፈው ደንገሉ ሥር ነው። ታንኳ የሚሠሩት የወይጦ ወገኖቻችን ሙያ የቆመው በዚሁ ደንገል ነው፤ ደንገል ሳይኖር "ባህላዊ ታንኳ" ብለን ለእንግዳ የምናሳየው ምኑን ነው? ዳሩ ቀጥ ባለ የድንጋይ ግንብ ከታጠረ ይህ ስፍራ ይጠፋል። በቀስታ ዝቅ እያለ ከወረደ ግን ይቀራል። መብራቱም ወደ ውኃው ካበራ፣ እዚያ የሚያድሩት ወፎች እረፍት ያጣሉ፤ ወደ መንገዱ ብቻ ቢያበራ ለሚራመደውም ይበቃል። እነዚህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም፤ ሥራው ሳያልቅ መባል ያለባቸው ናቸው። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል፤ ሰውም ወፍም አብሮ የሚኖርበት ስፍራ ማለት ነው። ስለዚህ የምንጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም።

"የዳርቻው ሥራ ነው ያጠፋን" ያልከው ወዳጄ፣ ይህን የሚጠይቅ ደብዳቤ አንተ ብትጽፍ እወዳለሁ። ከሁላችንም ይልቅ ተቆጥተሃል፤ በዚያ ላይ እጅ ጽሑፍህ ያምራል። ደብዳቤው ውስጥ ግን ስለ ዓለም ሙቀት አንድም ቃል አታስገባ። የሚያነበው መሐንዲስ ሙቀቱን አያቆምም፤ የድንጋዩን ግንብ ግን ማዛወር ይችላል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ የሚመጡትን ረጅም እግር ወፎች፣ ክሬን የምንላቸውን፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቀን ፎገራ ሜዳ ላይ ከታጨደ ማሳ እህል ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ውኃው ጉልበታቸው ድረስ መሆን አለበት፤ ቢጠልቅ መቆም አይችሉም፣ ቢደርቅ ጅብ ይመጣባቸዋል። እነዚያ ወፎች የሚፈልጉት ቦታ ከዓመት ዓመት የት እንደሚሆን የሚወስነው ያው የተጣላንበት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ነው። ዝናቡም፣ በሩም፣ እርሻውም፣ ዳርቻውም። እንግዲህ ቢያንስ አንድ ነገር በዓይናችን አብረን እንይ ብዬ ጋሼን ለመንኳቸው።

የሐይቁ ከፍታ ባሕር ዳር ላይ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በመንግሥት ይለካል፤ እሱን መተካት አይደለም ሐሳባችን። ደንገሉ እስከየት እንደሚደርስና ውኃው እስከየት እንደሚሸሽ በምንቆምበት ቦታ ላይ በየእሑዱ መጻፍ ነው። ደብተሩን ልጃችን ትይዛለች። ሱቅ ያለው ወንድማችን በየሳምንቱ ቁጥሩን ይፈትሽላታል፤ ሒሳብ ላይ ማንንም አያምንምና ለዚህ ከእሱ የተሻለ የለም። ጋሼ መለኪያ ዘንጉን ከባሕር ዛፍ ጠርበው፣ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ቀይ ቀለም ቀብተው አምጥተውታል፤ ያው እዚያ ጀልባው ውስጥ ተጋድሟል። ፀሐይዋ ሳትገባ ተነሥተን እንትከለው። ጫማ የምታወልቁ አውልቁ።